ተዋጊ አውሮፕላን ያልነበረው የአየር ኃይል አዛዥ

አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ አትወድም ነበር፡፡ በልጅነቴ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዳኮታው ከተራራው ጀርባ ሲያጓራ እኛ ልጆች ወደ ማረፊያው ሜዳ ስንሮጥ እሷ በተቃራኒው ወደ ቤት ትገባ ነበር፡፡ ለእኛ አውሮፕላን ማለት በረከት ነው፡፡ መድኃኒትና ፖስታ ያመጣል፤ ሲመለስ ደግሞ መካከሉ ላይ ጭነት ታስሮ፣ ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ጉልበቱን ከጆንያ ጋር አጋጥሞ ይሄዳል፡፡ መንገዱ በክረምት ጭቃ በሚዋጥበት በዚያ ዘመን ሚዛንንም ቴፒንም ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኝ የነበረው እሱ ነው፡፡

አያቴ ግን ትውልዷ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ ከካፋ ምድር ነው፡፡ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ልጅ ነበረች፡፡ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ጥሎ ከቡናው ዛፍ ሥር በደረት መተኛት እንደነበር ነግራናለች፡፡ ያን ጊዜ በዚያ ሰማይ ላይ ይዞሩ የነበሩት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሲሆኑ የሚያሳድዱትም ከጎሬ ተነስተው ወደ ካፋ ያፈገፈጉትን የልዑል ራስ እምሩን ጦር ነበር፡፡ ራስ እምሩ ጥይትና ስንቅ አልቆባቸው፣ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ፡፡

አድጌ ሕግ ካጠናሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር፡፡ ለመሆኑ ያ ሰማይ ያለ ጠባቂ የቀረው ለምንድን ነው? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት በትምህርት ቤት ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ሰው ነው፡፡ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሱ ነው፡፡ ስሙ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል፡፡ ዘመኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፡፡

ሮቢንሰን በ1890ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ያደገው በሚሲሲፒ ግዛት፣ ገልፍፖርት ነው፡፡ ጥቁር ሕፃን ከነጭ ሕፃን ጋር በአንድ ክፍል መማር በሕግ በተከለከለበት አገር የተወለደ ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ብሎ ማሰቡ ራሱ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር፡፡ ታዋቂው ጥቁር መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ባቋቋመው በቱስኬጊ ኢንስቲትዩት የመኪና ጥገና ተምሮ ወደ ሰሜን፣ በመጀመሪያ ወደ ዲትሮይት፣ ቀጥሎም ወደ ቺካጎ ሄደ፡፡

ቺካጎ ውስጥ የነበረው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ስለሆነ አልቀበልህም አለው፡፡ እሱም በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ፡፡ መጥረጊያ ይዞ ከክፍሉ ጥግ ሆኖ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር፡፡ በኋላ እሱም፣ ኮርኔልየስ ኮፊ የተባለው ጓደኛውም በሩን አስከፍተው ገቡ፤ ተመርቀውም ሌሎች ጥቁሮችን ማስተማር ያዙ፡፡ የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በነጮቹ ሜዳ ማረፍ ሲከለከሉም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን የማረፊያ ሜዳ በእጃቸው ደለደሉ፡፡

በዚህ ጊዜ ነበር ዶክተር መላኩ በያን ወደ ታሪኩ የሚገቡት፡፡ ዶክተር መላኩ በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሲሆኑ፣ ጦርነቱ እንደማይቀር አውቀው ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያንን ለአገራቸው ይፈልጉ ነበር፡፡ ስለ ሮቢንሰን የሰሙት በ1927 ዓ.ም. በጥቁር ጋዜጠኞች በኩል ነው፡፡ ሮቢንሰንም ጥሪውን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ገባ፡፡

አቀባበሉ በጥርጣሬ የተሞላ ነበር፤ ምክንያትም አለው፡፡ ከእሱ በፊት የመጣው ሌላው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁልያን፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ከስክሶ ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፡፡ ጁልያን በ1927 ዓ.ም. ተመልሶ መጣና ከሮቢንሰን ጋር በአደባባይ እስከ መደባደብ ደረሱ፡፡ ቤተ መንግሥቱ የመረጠው ወሬኛውን ሳይሆን ሠራተኛውን ነው፡፡ ነሐሴ 1927 ዓ.ም. ሮቢንሰን የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ተሾመ፡፡

አዛዥ ሆነ ስንል ግን ምን አዘዘ?

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፡፡ አንድሬ ማየ የተባለ ፈረንሳዊ ያበረረው ፖቴዝ 25 ነበር፡፡ ብዙም ሳይቆይ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ተከተለ፡፡ ማየ ካሠለጠናቸው መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ፡፡ ሚሽካ ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አበባ የተወለደ ነው፡፡ ጦርነቱ ሲጀመር አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ከ13 አይበልጡም፤ ዓይነታቸው የተለያየ ስለነበር የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፤ ከፊሎቹም ከመሬት የማይነሱ ነበሩ፡፡ ዋነኛው ፖቴዝ ድርብ ክንፍ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ነው፡፡ በደጋችን ስስ አየር ሞተሩ ጉልበት ስለሚያንሰው ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፡፡ ተዋጊ የሚባል አውሮፕላን አልነበረንም፡፡ በአንጻሩ ኢጣሊያ ያሰለፈቻቸው ቦምብ ጣዮችና ተዋጊዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፡፡

ገንዘብ ስላልነበረ ብቻ ነው እንዳይባል ሕጉን እንመልከት፡፡ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፡፡ የአሜሪካ ኮንግረስም በነሐሴ 1927 ዓ.ም. የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ለተዋጊ አገሮች ሁሉ መሣሪያ መሸጥን ከለከለ፡፡ ለኢትዮጵያ ሊዘምቱ የተነሱ ጥቁር አሜሪካውያንንም ለውጭ አገር ጦር መመልመልን የሚከለክለው የቆየ ሕግ አገዳቸው፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ እኩልነት ነው፡፡ ነገር ግን አንዱ አውሮፕላን የሚሠራበት ፋብሪካ ያለው፣ ሌላው ግን አንዲት ብሎን እንኳ ከውጭ የሚያስመጣ ሲሆን፣ ሁለቱን እኩል መከልከል ለባለፋብሪካው መፍረድ ነው፡፡ ሕግ በተማርኩባቸው ዓመታት በቃል እኩልነትና በእውነተኛ እኩልነት መካከል ስላለው ልዩነት ብዙ ሰምቻለሁ፡፡ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ግን አላገኘሁም፡፡ የጎጀብ ሰማይ ባዶ የቀረው በከፊል በሕግ ነው፡፡

ሮቢንሰን እንግዲህ በዚህ ባዶ ሰማይ ላይ ነበር የሚበረው፡፡ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ እሱ መልእክት ይዞ እዚያው ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ሥራው የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ ወደ ጦር ግንባር፣ የግንባሩን ወሬ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ማመላለስ፣ መድኃኒትና ሹማምንት ማጓጓዝ ሆነ፡፡ ስልክና ራዲዮ እምብዛም በሌለበት፣ መልእክተኛ በበቅሎ ሳምንታት በሚፈጅበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፡፡ ጠላት ሲያገኘው የሚመልስበት መትረየስ ስላልነበረው መሣሪያው ደመናና ሸለቆ ነበሩ፡፡ ዝቅ ብሎ በገደል መካከል እየተሹለከለከ ያመልጣል፡፡ ሆኖም ቆስሏል፤ የመርዙንም ጋዝ ቀምሷል፡፡ በመጋቢት መጨረሻ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ደርሰው ማረፊያውን መትተዋል፡፡ ሮቢንሰን ነገሩ ማብቃቱ ሲታወቅ ከአገር ወጥቶ ግንቦት 10 ቀን ኒውዮርክ ሲደርስ የጠበቀው ሕዝብ እንደ ጀግና ተቀበለው፡፡

በአገራችን ግን ውጊያው አልቆመም፡፡ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማልዮኮም እዚያው ተገደለ፡፡ በአየር ላይ ያልተቻለው በመሬት ላይ ተሠራ፡፡ የጥቁር አንበሳ ሰዎችም ከራስ እምሩ ጋር ሆነው እስከ ጎጀብ ዘለቁ፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ተገላበጠ፡፡ የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ጅማ ላይ የኢጣሊያን አውሮፕላኖች ከነማረፊያቸው ደበደቡ፤ ከኮንጎ የመጣው የቤልጅግ ጦር ጋምቤላን ያዘ፤ በሰኔ መጨረሻም ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ ለቤልጅጎቹ እጁን ሰጠ፡፡ በ1928 ዓ.ም. የተነፈገን አውሮፕላን የመጣው የኃያላኑ የራሳቸው ቤት እሳት ሲይዝ ነው፡፡

ሮቢንሰን በአሜሪካም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፡፡ ገና ከመዝመቱ በፊት ቱስኬጊ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ወትውቶ ነበር፡፡ ትምህርቱ በኋላ ተከፍቶ ከዚያ የወጡት ጥቁር አብራሪዎች 99ኛውን ተዋጊ ስኳድሮን መሠረቱ፡፡ ይህ ስኳድሮን ፒ-40 በተባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሆኖ በመጀመሪያ ከተሰለፈባቸው ዘመቻዎች አንዱ በኢጣሊያዋ የፓንቴለሪያ ደሴት ላይ ነበር፤ ደሴቲቱም በሰኔ 1935 ዓ.ም. እጅዋን ሰጠች፡፡ ሮቢንሰን አዲስ አበባ ላይ ያላገኘውን ተዋጊ አውሮፕላን እሱ መንገዱን የጠረገላቸው ልጆች በኢጣሊያ ሰማይ ላይ አበረሩት፡፡

በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ መጣ፡፡ ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ያዘ፤ ኮሎኔልም ተባለ፡፡ ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት አየር ኃይሉን ለስዊድኖች ሰጠ፤ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም መጡ፡፡ ሁለቱ አልተስማሙም፡፡ ጠቡ ከቃል አልፎ እጅ እስከ መሰናዘር ደረሰ፤ መዘዙም በ1940 ዓ.ም. ሮቢንሰንን ከሥራው አስለቀቀው፡፡

እዚህ ላይ ፎን ሮዘንን ማማት አልሻም፡፡ እሳቸውም በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀልን አውሮፕላን ያበረሩ፣ በቢሾፍቱ አየር ኃይላችንን ያሳደጉ፣ በረሃብ ዘመን ለተራበው ወገናችን እህል ከአየር ያወረዱ፣ በመጨረሻም በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወረራ የሞቱልን ባለውለታ ናቸው፡፡ ጥያቄዬ ለራሳችን ነው፡፡ በጭንቅ ጊዜ የመጣውን ሰው በደህና ጊዜ ቦታ የምናሳጣው ለምንድን ነው? የተሻለ ገንዘብና ድርጅት ያለው ሲመጣ መቀበል የመንግሥት ሥራ ነው፤ እቀበላለሁ፡፡ ግን ለቀደመው አንድ የክብር ወንበር ማቆየት ከግምጃ ቤት ስንት ያወጣ ነበር?

ሮቢንሰን ተቀይሞ አገሩ አልገባም፡፡ እዚሁ ኖረ፡፡ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በትንሽ አውሮፕላን ለታማሚ ደም ለማድረስ ሲበር አዲስ አበባ ላይ ተከሰከሰ፡፡ አብሮት የነበረውም ሰው ሞተ፡፡ ያ ሰው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበር፡፡ ኢጣሊያኖች ሲያሳድዱት የተረፈው ሰው ከኢጣሊያዊ ጋር ደም ለማድረስ ሄዶ ሞተ፡፡ ሮቢንሰን ያረፈው መጋቢት 18 ቀን ሲሆን የተቀበረውም ጉለሌ ነው፡፡

አየር ኃይሉ አንድም የጠላት አውሮፕላን አልጣለም፤ ስለዚህ በድል መዝገብ ሲታይ የሮቢንሰን ገጽ ባዶ ነው፡፡ እኔ ግን የሰው ሚዛን ድል ብቻ አይመስለኝም፡፡ ያኔ ላለመምጣት ለሁሉም በቂ የሕግ ምክንያት ነበረው፡፡ መንግሥታት በገለልተኝነት ሕጋቸው፣ ማኅበሩም በጄኔቫ ውሳኔው ተከልለው ተቀመጡ፡፡ እሱ ግን መጣ፡፡ ሕግ ቀሪውን ነጻ ሊያደርገው ይችላል፤ የመጣውን ማክበር ግን የባለውለታው ፈንታ ነው፡፡

አያቴ ሮቢንሰን የሚባል ሰው መኖሩን ሳትሰማ ሞተች፡፡ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ዳኮታው ሲያጓራ ወደ ቤት ትገባ ነበር፡፡ በዚያ ሰማይ ላይ እሷን የሚያሳድድ ብቻ ሳይሆን ለእሷ ወገን ሆኖ የበረረም ሰው እንደነበረ ብነግራት ደስ ባለኝ፡፡ ለእሷ ዘግይቻለሁ፡፡ ልጆቻችን ግን ገና ይሰማሉና እንንገራቸው፡፡