የአባቱን ዘውድ ሲሻ የኖረው ራስ ኃይሉ

ስለ ጎጃም የአገዛዝ ታሪክ በተወሳ ቁጥር የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስም ሳይነሣ አይቀርም። ዛሬ እኛ ይህን ሰው የምናነሣው ገናና መስፍን ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። አንድ ሹም አገር ለመግዛት ሲጣጣር የማንን ፈቃድ ይለምን እንደ ነበረ፣ ዕዳውንም ማን ይሸከም እንደ ነበረ ሕይወቱ በግልጽ ስለሚያሳየን ነው።

ኃይሉ የተወለደው በ1860 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲሞት ጎጃም ለልዩ ልዩ ሹማምንት ተከፋፈለች። ከዚያ ወዲህ የኃይሉ ዓላማ ጎጃምን መልሶ መጠቅለልና የአባቱን የንጉሥነት ማዕረግ ማግኘት ሆነ። ለዚህም ደጅ የጠናው በቤተ መንግሥት እንጂ በገበሬው ጎጆ አልነበረም። ልጁን ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ዳረ፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎበኘ። ግዛቱን ቢያገኝም ዘውዱን አላገኘም።

የዚህ ሁሉ ወጪ ምንጭ ከቡሬ ገበያ ጀምሮ ዛሬ ፍኖተ ሰላም እስከ ቆመችበት አካባቢና ከዚያም ባሻገር ያለው ገጠር ነበር። ገበሬው ግብሩን በጥሬ ብር እንዲከፍል ይገደድ ነበር፤ ነጋዴውም በየኬላው ይቀረጥ ነበር። ኃይሉ በአዲስ አበባ በሲኒማና በታክሲ ንግድ ሳይቀር ተሰማርቷል። አዲሱን የገንዘብ ማግኛ ዘዴ እየተቀበለ አሮጌውን አገዛዝ ግን እንዳለ ጠበቀ።

በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር በማስመለጥ ተከሶ ከሥልጣኑ ወረደ፤ የሞት ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠች። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ኃይሉ ለወራሪው አደረ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጠላት ጦር ቡሬን ለቆ ሲሸሽ፣ የጎጃምን ገዥነት ከዚያው ከወራሪው እጅ ተቀብሎ በደብረ ማርቆስ ተቀመጠ። በዚያው ወቅት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን የመሳሰሉት አርበኞች በምዕራብ ጎጃም ጫካዎች ለነጻነት ይዋደቁ ነበር። የኃይሉ ሹመት ግን ከጥቂት ሳምንታት አላለፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እጁን ሰጠ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአባቱን ዘውድ ሳያገኝ ሞተ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንረዳለን? ኃይሉ ሹመትን ከኢያሱ፣ ከተፈሪ፣ በመጨረሻም ከባዕድ ወራሪ ሲለምን፣ ግብር ከፋዩን ሕዝብ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ፈቃዱን ያልተጠየቀ ሕዝብ ደግሞ ድምፁን የሚያሰማው በዐመፅ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሥቶ፣ አውሮፕላን ጭምር ቢዘምትበትም፣ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታው እንዲነሣ ያስገደደው በዚህ ምክንያት ነው። በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው ያለን ሁሉ፣ ሹም ሊሆን የሚሻ ሰው ሲመጣ በቅድሚያ የማንን ደጅ እንደ ጠና እንመርምር።