ሙሴ ኢልግና ሐረር ያልገባው ባቡር

ዛሬ የማጫውታችሁ ከሞተ መቶ ዓመት ስላለፈው ሰው ነው። ወሬውን ግን ከደጃፌ ልጀምር።

የምኖረው ኦስሎ ውስጥ ሞርተንሩድ ነው። የቁጥር 3 ሜትሮ (እዚህ ቴ-ባኔ ይሉታል) የመጨረሻው ፌርማታ ነው። መስመሩ ድሮ ስኩለሩድ ላይ ያበቃ ነበር፤ እኛ ሰፈር የደረሰው በኅዳር 1997 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ግር እንዳይላችሁ።) ከዚህ ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ጎህ ሳይቀድ ለጽዳት ሥራ፣ ወይም ለአዳር ተረኝነት ወደ ሆስፒታል የሚወጣው የእኛ ሰው ይህች ሃያ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃታል።

ከሰፈራችን አለፍ ብሎ ኦስላንድ የሚባል ቦታ አለ። ከ2016 ጀምሮ አራት ግዙፍ የዋሻ መቆፈሪያ ማሽኖች ከዚያ ተነስተው ሁለቱ ወደ ኦስሎ፣ ሁለቱ ወደ ሺ አቅጣጫ አለቱን ሲፈለፍሉ ከረሙ። ሺ ስል ቁጥሩን ማለቴ አይደለም፤ ከኦስሎ በስተደቡብ ያለች ከተማ ስም ነው። ዋሻው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከኦስሎ ሺ 22 ደቂቃ ይወስድ የነበረውን ጉዞ ወደ 11 አውርዶታል። በታኅሣሥ 2022 ተከፈተ፤ በሳምንቱ በኤሌክትሪክ ብልሽት ተዘግቶ በመጋቢት 2023 እንደገና ሥራ ጀመረ። ታዲያ ባቡሩ በእኛ አካባቢ ከመሬት በታች እንደ ነፋስ ያልፋል እንጂ አይቆምም። በኦስሎና በሺ መካከል አንድም ጣቢያ የለውም። የጭነት መኪናውን ጫጫታና አቧራውን ዓመታት የቻለው ሰፈር ትርፉ ይህ ነው።

ይህን ለአንድ ጎረቤቴ አንስቼ ስነጫነጭ ሳቁብኝ። ጋሼ (ስማቸው ይቅር) የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡ ያረጁ። ሐረሮችስ ምን ይበሉ ብለው ጠየቁኝ። ባቡሩ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ሲመጣ ግን ሐረርን ከተራራዋ ላይ ትቷት በታች አለፈ። ከዚያ ስለ ሙሴ ኢልግ ሲያወሩልኝ አመሸን፤ እኔም ካነበብኩት ጋር እያገናኘሁ ይህን ጻፍኩ።

አልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት 1854 ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የብረት ሥራ ተለማምዶ ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ (በኋላ አይንስታይን በተማረበት) ምህንድስና አጠና። በዚያን ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የፈረንጅ የእጅ ባለሙያ ያፈላልጉ ነበር፤ ፍላጎታቸው ኤደን ላይ ይነግድ በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ስዊዘርላንድ ድረስ ደረሰ። ኢልግ ሁለት ያገሩን ልጆች ይዞ በ1878 ተነሳ፤ በ1879 አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት አልሞላም። (እዚህ ኖርዌይ የድሮው የኦስሎ–ሺ ሐዲድ የተከፈተውም በዚያው በ1879 ነው። አዲሱ ዋሻ በስሙ የተጠራለት ፒተር አንድሬአስ ብሊክስ በዚያ የድሮ መስመር ላይ ጣቢያዎች የነደፈ ሰው ነበር። ሁለቱ መሐንዲሶች በአንድ ዘመን፣ አንዱ በበረዶ አንዱ በበረሃ ይደክሙ ነበር ማለት ነው።)

ኢልግ ምኒልክ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የታዘዘው ድልድይ ወይም ፋብሪካ አልነበረም። ጫማ ነው። ጫማ ሰፊ አይደለሁም ቢልም አልተለቀቀም፤ እንደምንም ሰፍቶ አቀረበ ይባላል። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ፤ እሱንም ሠራ ይሉታል። እኛ ስደተኞች ይህን ታሪክ ሳንስቅ አናነበውም። በዲግሪ መጥቶ ሌላ ሥራ የተሰጠው ሰው በሞርተንሩድ ስንት አለ!

ቀስ በቀስ ግን የተማረበት ሥራ መጣለት። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ። አማርኛን አቀላጥፎ ተናገረ። ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰዎችና ከተሞች መልክ የምናውቀው በከፊል በእሱ ካሜራ ነው። ሐረር ይነግድ ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከራምቦ ጋርም ይጻጻፍ ነበር። ባለቅኔው ለሸዋ ገበያ የማይሆን ዕቃ እየላከ ኢልግን ያማርረው እንደነበር ከደብዳቤዎቹ ይታወቃል።

የባቡሩ ሐሳብ መቼ እንደተጠነሰሰ አንድ ቀን መቁረጥ ያስቸግራል። ኢልግ ትንሽ የባቡር ሞዴል ለምኒልክ አሳይቶ ነበር ይባላል። ዋናው ምክንያት ግን ከአሻንጉሊት በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ ሲራራ ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ መንገድ ይወጣል፤ ጠመንጃውና ጨርቁ በዚያው ይገባል። አፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ ወድቀው ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ለነገሩ በር ተከፈተ።

መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ የባቡሩን ውል ለኢልግ ሰጡት። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር፦ መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ በከፋ በኩል ነጭ ዓባይ ድረስ። ሌላ ኩባንያ የሚፎካከር ሐዲድ እንዳይዘረጋም ውሉ ይከለክል ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ኢልግን አደንቀዋለሁ፤ ይህን ውል ግን አልወደውም። የንጉሡ አማካሪ ሆኖ ውሉን ተቀባይም እሱው ነበር። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ነው የያዘው። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ጋዜጣው ሁሉ ያብጠለጥለዋል። ለእሱ ለመሟገት ያህል፣ በጊዜው ሌላ ማን ነበር? አገሪቱ ውስጥ ሐዲድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ አውሮፓ ሄዶ ገንዘብ የሚለምን፣ ምኒልክም የሚያምኑት ሰው ከእሱ ሌላ አልነበረም። በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ሰጥተውት የውጭ ጉዳዩን ሁሉ በእሱ በኩል ያዩ ነበር።

ኩባንያው በ1896 ተቋቋመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ገንዘቡ ገና ከጅምሩ አነሰ። ሐዲዱ የሚያልፍበት ምድር ባለቤት የሆኑት ኢሳዎችና አፋሮች ደግሞ ነገሩን በደስታ አልተቀበሉትም። ሲራራውን የሚመራው፣ ግመል የሚያከራየው፣ በግዛቱ ለሚያልፈው የሚያስከፍለው ሰው ባቡር መጣልህ ሲባል ምን ይበል? ሥራው ላይ አደጋ ይጣል ነበር፤ ሰው ሞቷል። የልማት ታሪክ ስናነብ ይህን ገጽ ቶሎ እንገለብጠዋለን። በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ዘመንም ግመሉ ሐዲድ ላይ የሞተበት አርብቶ አደር ካሣ ሲጠይቅ ሰምተናል።

ከዚያ የተራራው ነገር መጣ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር በላይ ናት። ባቡሩን እስከዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ ኩባንያው ደግሞ ሁለቱም አልነበረውም። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነና በታኅሣሥ 1902 ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ በሜዳው ቆመ። ያ ሜዳ ድሬዳዋ ነው። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ሊሏት ነበር፤ ስሙ አልያዘላትም። ጋሼ ስለ ከተማቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል፦ ከዚራን በቀጥታ መንገዷና በዛፍ ጥላዋ፣ ማዶ መጋላን በገበያዋ፣ ፈረንሳይኛ ከሱማሊኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና ከዓረብኛ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ሲንጫጫ። የዘመናት የንግድ ከተማ ሐረር በአንጻሩ ገበያዋ ወደ ቆላ ወረደባት።

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ዓመታት ተገትሮ ቀረ። ምክንያቱ ተራራ አልነበረም፤ ፖለቲካ ነው። ኩባንያው ሲከስር እንግሊዞች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ይህን አይቶ በ1902 መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር የራሱን ውል ገባ። በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም፣ በምላሹም እጁን ሊያስገባ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ፤ ባቡሩ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ከለከሉ። በአድዋ ያልተሰጠ አገር በሐዲድ ሊሰጥ አይገባም ነው ነገሩ። እኔ በዚህ ከምኒልክ ጋር ነኝ፤ ምንም እንኳ አዲስ አበባ ባቡሯን አሥራ አምስት ዓመት ያህል ብትጠብቅበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል የተቀጠቀጠው ኢልግ ነው። እንግሊዞችና ጣሊያኖች የፈረንሳይ ሰው ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በቤተ መንግሥትም ተሰሚነቱ እየቀነሰ ሄደ። በ1906 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1907 ከሥራው በይፋ ለቀቀ። በዚያው ጊዜ ኩባንያውም ከሰረ። በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በራሳቸው ስምምነት ሐዲዱን በወረቀት ተከፋፍለው ነበር፤ እስከ አዲስ አበባ ለፈረንሳይ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ ለእንግሊዝ። በጥር 1908 አዲስ ውል ተፈረመ፤ የተሰጠውም ለምኒልክ ሐኪም፣ የጓዴሎፕ ተወላጅ ለሆነው ጥቁር ዶክተር ለቪታልየን ነበር። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ እንደገና መራመድ ጀመረ።

ኢልግ ይህን ሁሉ የሰማው ዙሪክ ተቀምጦ ነው። በ1895 ካገባት ባለቤቱ ከፋኒ ጋር ልጆች አፍርቷል፤ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም ወደ ዙሪክ ሙዚየም ገብተዋል። በ1913 ምኒልክ ሞቱ። እሱም ጥር 7 ቀን 1916፣ በእኛ የገና ዕለት፣ በ61 ዓመቱ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከፋና ነጭ ዓባይ የሚባለው ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወረደም።

በሐዲዱ ዳር የኖረው ሕዝብ ምን አገኘ? ይህን ከመጻሕፍት ይልቅ ከጋሼ ነው የተማርኩት። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ... እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ሥር የሚሮጡትን ሻጮች፣ የኤረርን ብርቱካን፣ ወተት ይዘው የሚጠብቁትን ሴቶች ያነሳሉ። ከጅቡቲ ጨርቅ ተደራርባ ለብሳ እንደ ነፍሰ ጡር የምትገባዋ ኮንትሮባንዲስት ስንቱን ልጅ አስተምራለች! ትርፉ የነበረው ባቡሩ በመሄዱ ብቻ ሳይሆን በመቆሙም ነው። ቋንቋችንም አልቀረለትም፤ ለገሃርና ፉርጎ የሚሉት ከፈረንጅ አፍ በዚያው ሐዲድ የገቡ ቃላት ናቸው።

አሮጌው መስመር በሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ። በምትኩ በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ቀናት የሚፈጀውን የጭነት መንገድ ወደ ግማሽ ቀን አሳጥሮታል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር ሳይሆን ዳር ለቡ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ወጣ ብሏል። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ድሬዳዋ ሲሄዱ ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከዚራ በባጃጅ መግባታቸውን እንደ ውርደት ነው የሚያወሩት።

የሺን ባቡርም ሞክረውታል። ባለፈው ክረምት ሥራ ፈትተው በሜትሮ ከተማ ወረዱና ሺ ድረስ ተሳፈሩ። ሰዓታቸውን ይዘው ቆጠሩ፤ 11 ደቂቃ፣ ልክ እንደተባለው። አብዛኛው መንገድ ጨለማ ነበር፤ በሞርተንሩድ አካባቢ መቼ እንዳለፉ እንኳ አላወቁም። ሺ ወርደው ቡና ጠጡና በዚያው ባቡር ወደ ኦስሎ ተመልሰው፣ ከዚያ በቁጥር 3 ሰፈራቸው ገቡ። ማታ ሲነግሩኝ ፍጥነቱን አላናናቁም፤ ቅሬታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በመስኮት ብርቱካን የሚገዛበት ቦታ የለውም።