ጆሽ ጊብሰን፦ ሳይቆጠርለት የሞተው የሆም ረን ንጉሥ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የቤዝቦል የምንጊዜም የሆም ረን መሪዎችን ፈልጉ። ከላይ ባሪ ቦንድስ በ762 ይመጣል። ከሱ ሥር ሃንክ አሮን በ755፣ ቤብ ሩት በ714፣ አልበርት ፑሆልስ በ703 ተደርድረዋል። ወደ ታች ውረዱ። ሃያውን፣ ሃምሳውን፣ መቶውን ብትጨርሱም ጆሽ ጊብሰን የሚባል ስም አታገኙም።

ነገር ግን ሰውየው ሲመታ በዓይናቸው ያዩ ብዙ ተጫዋቾችና ጋዜጠኞች ከሱ የበለጠ ኃይለኛ መቺ አላየንም ብለው ነው ያለፉት። ታዲያ ስሙ የት ሄደ? መልሱ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው።

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን ፊልም ላይ የምናየው ጨዋታ ስለሆነ መጀመሪያ ሆም ረን ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ተጫዋች ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታታል። ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች የሜዳውን አጥር ተሻግራ ከወጣች መቺው ማንም ሳይነካው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል። ይሄ ነው ሆም ረን። አሜሪካኖች ይህን ቁጥር እኛ የኮከብ ግብ አግቢነትን ፉክክር እንደምንከታተለው ነው የሚከታተሉት። ቤብ ሩት እ.ኤ.አ. በ1927 በአንድ የውድድር ዓመት 60 መታ። ሮጀር ማሪስ በ1961 61 አደረገው። ማርክ ማጓየር በ1998 70 አደረሰው፣ ባሪ ቦንድስ በ2001 73። እያንዳንዱ ቁጥር ሲሰበር አገር ይነጋገራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እስከ 1947 ድረስ ሜጀር ሊግ በሚባለው ትልቁ ሊግ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አይገባም ነበር። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የክለብ ባለቤቶቹ በዝምታ የተስማሙበት ነገር ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን የሆም ረን ዝርዝር የአሜሪካ ምርጥ መቺዎች ዝርዝር አይደለም። እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው።

ጆሽ ጊብሰን የተወለደው በታኅሣሥ 1911 በደቡባዊቷ ጆርጂያ ግዛት፣ ቡዌና ቪስታ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ድህነቱንና ጭቆናውን ሸሽተው ወደ ሰሜን ይሰደዱ ነበር። አባቱም እንደዚያው አደረጉ። ፒትስበርግ ሄደው ብረት ፋብሪካ ሥራ ያዙ፤ ቤተሰቡም ተከተላቸው። ልጁ የኤሌክትሪክ ሙያ መማር ጀምሮ ነበር፤ ግን አልገፋበትም። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም፣ ነፍሱ ደግሞ ቤዝቦል ላይ ነበር።

1930 ለሱ ሁለት ነገር ያመጣ ዓመት ነው። በክረምቱ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሆምስቴድ ግሬይስ ለሚባለው ስመ ጥር የጥቁሮች ቡድን መጫወት ጀመረ። በዚያው ክረምት ሚስቱ ሄለን መንታ ስትወልድ ሞተች። መንታዎቹ፣ ወንድና ሴት፣ ተረፉ። የ18 ዓመቱ ልጅ የሁለት ሕፃናት አባትና ሚስቱን የቀበረ ሰው ሆነ። ልጆቹን የሄለን ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ እሱ ደግሞ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞረ መጫወቱን ቀጠለ። ብዙ የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለሄለን ብዙም አያወራም ነበር ይላሉ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፒትስበርግ ክሮፎርድስ ተዛወረ። የዚህ ቡድን ባለቤት ጋስ ግሪንሊ ገንዘቡን ያገኘው በዋናነት ከሕገወጥ ሎተሪ ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም፤ ባንክ የማያበድረው ማኅበረሰብ ውስጥ ካፒታል ያለው ማን ነው? ግሪንሊ በዚያ ገንዘብ ለቡድኑ ስታዲየም ጭምር አሠራ። በ1930ዎቹ ክሮፎርድስ ውስጥ በኋላ ላይ የዝነኞች አዳራሽ የገቡ ተጫዋቾች ነበሩ። ጊብሰን አንዱ፣ ሌላው ደግሞ ተአምረኛው ኳስ ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ።

ጊብሰን የሚጫወትበት ቦታ ራሱ ከባድ ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ የሚይዘው እሱ ነበር። ጉልበትና ጣት የሚጨርስ ሥራ ነው። በዚያ ላይ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ያድራሉ። ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት ጥቁር አያስተናግድም።

እሺ፣ ታዲያ ስንት ሆም ረን መታ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

የጥቁሮች ሊግ ቡድኖች ከሊግ ጨዋታ ብቻ በሚገኝ ገቢ መኖር አይችሉም ነበር። ስለዚህ በየመንደሩ እየዞሩ ከከተማ ቡድን፣ ከፋብሪካ ቡድን፣ ከተገኘው ሁሉ ጋር ይጫወታሉ። ሜጀር ሊግ በዓመት 154 ይፋዊ ጨዋታ ሲያደርግ የነሱ የሊግ ጨዋታ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ በአጠቃላይ የሚጫወቱት ግን ከነጮቹ ሊበልጥ ይችላል። መዝጋቢ ለመቅጠር ገንዘብ የለም። ትልልቆቹ ጋዜጦች ውጤቱን አይዘግቡም። የሚዘግቡት እንደ ፒትስበርግ ኩሪየር ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ናቸው፤ እነሱም በሳምንት አንዴ የሚወጡ ስለሆኑ ሁሉንም ጨዋታ አይደርሱበትም። አንዳንዱ ጨዋታ ውጤቱ ብቻ ተጽፎ ማን ምን እንደመታ አይታወቅም።

በዚህ ምክንያት ስለ ጊብሰን ሁለት በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ይነገራሉ። የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ያለው የመታሰቢያ ሰሌዳው በሊግና ከሊግ ውጭ በተደረጉ ጨዋታዎች 800 ገደማ ሆም ረን እንደመታ ይገልጻል። ማስረጃ ተገኝቶላቸው በይፋ የተቆጠሩለት የሊግ ሆም ረኖች ግን ከ200 በታች ናቸው።

ኤክሴል የነካካ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። ባዶ ማለት የቆጠረ የለም ማለት ነው። የጊብሰን ዶሴ በባዶ ሳጥኖች የተሞላ ነው፤ ለብዙ አሠርት ዓመታት ግን እንደ ዜሮ ተነበበ።

እግር ኳስ ለምትወዱም ምሳሌ አለ። የፕሪሚየር ሊግ የምንጊዜም ግብ አግቢ ሲባል አላን ሺረር በ260 ይጠራል፤ ምክንያቱም ቆጠራው የሚጀምረው ከ1992 ነው። ጂሚ ግሪቭስ ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ከፍተኛው ዲቪዚዮን 357 ጎል አግብቷል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። የግሪቭስ ጎሎች ቢያንስ ተጽፈው ተቀምጠዋል። የጊብሰን ግን ብዙዎቹ አልተጻፉም።

ከአገሩ ውጭ ሲጫወት ሁኔታው ሌላ ነበር። በ1937 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ አምባገነን ራፋኤል ትሩሂዮ ስም በተሰየመችው ዋና ከተማ ቡድን ውስጥ ከሳቸል ፔጅ ጋር ተጫውቶ ዋንጫ በላ። በ1940 እና 1941 ሜክሲኮ ሄዶ ለቬራክሩዝ ተጫወተ። እዚያ የቆዳ ቀለም አጥር አልነበረም፤ ደመወዙም የተሻለ ነበር። ጨዋታው በደንብ ይመዘገብ ስለነበርም በ1941 በ94 ጨዋታ 33 ሆም ረን እንደመታ እናውቃለን። በሥርዓት ሲቆጠርለት ይሄን ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ ግሬይስ ተመለሰ። ግሬይስ በ1940ዎቹ ከፒትስበርግ ሌላ ዋሽንግተን ዲሲን ሁለተኛ ቤታቸው አድርገው ነበር፤ የሚጫወቱት ግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ቦታውን ታውቁት ይሆናል። ስታዲየሙ በ1965 ፈርሶ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሞበታል፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ስትሪት አካባቢ በእግር የሚደረስ ነው። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ስንት የኛ ሰው አለ፤ ጊብሰን ኳስ ያሻግርበት የነበረ ሜዳ እንደነበር ግን ማን ይነግረዋል?

የስታዲየሙ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ የነጮቹ ቡድን የዋሽንግተን ሴኔተርስም ባለቤት ነበር። ቡድኑ ደካማ ነው። አጥር የሚያሻግር መቺ እንደ ዳቦ ይርበዋል። በገዛ ሜዳው ላይ ደግሞ የዘመኑ ምርጥ መቺ ይጫወታል። በአንድ ወቅት ግሪፊዝ ጊብሰንንና ጓደኛውን ባክ ሌናርድን ቢሮው ጠርቶ ሜጀር ሊግ መጫወት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። እንፈልጋለን አሉት። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም።

ለምን መሰላችሁ? ዘረኝነቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ስሌት ነበረው። ግሬይስ በተጫወቱ ቁጥር ግሪፊዝ የስታዲየም ኪራይ ያገኛል። የጥቁሮቹን ኮከቦች ወደ ሜጀር ሊግ ከወሰዳቸው የጥቁሮቹ ሊግ ይዳከማል፤ ኪራዩም ይቀራል። አጥሩ ባለበት መቆየቱ ገቢ ያስገባል። ክፍል ውስጥ ውድድር ያለበት ገበያ አድሎን ያጠፋል የሚል ሐሳብ ተምረን ነበር፤ ችሎታ ያለውን ሰው የማይቀጥር ድርጅት ይከስራል ይባላል። ግሪፊዝ ግን በአድሎው እያተረፈ ነበር። ቡድኑ ተሸነፈ፣ ኪሱ አልተጎዳም።

የጊብሰን ሰውነት ግን እየተጎዳ ነበር። በ1943 መጀመሪያ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባና የአንጎል ዕጢ እንዳለበት ተነገረው። ቀዶ ሕክምናውን አልፈቀደም፤ ሰውነቴ ይሽመደመዳል ብሎ ፈራ። መጠጥ አበዛ። ራስ ምታቱ አይለቀውም። እየታከመ፣ እየወጣ፣ መጫወቱን ግን አላቆመም። የሚገርመው የዚያው የ1943 ዓመት ውጤቱ ነው፤ ዛሬ በይፋ እንደተመዘገበው .466 መትቷል። በ1000 ሙከራ 466 ጊዜ በትክክል እንደ መምታት ማለት ነው። በጥሩ መቺዎች ዘንድ 300 ትልቅ ነገር ነው።

በ1945 መጨረሻ ብሩክሊን ዶጀርስ ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ወጣት ጥቁር ተጫዋች አስፈረመ። የተመረጠው ጊብሰን አልነበረም። ዕድሜው ወደ 34 ተጠግቷል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ጤናው ተቃውሷል። በር ሲከፈት እያየ ነበር፤ ለሱ ግን አልነበረም።

ጥር 20 ቀን 1947 ፒትስበርግ ውስጥ በስትሮክ ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር። ሮቢንሰን ሜጀር ሊግ ሜዳ የረገጠው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 15 ነው። በመሃላቸው ያለው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። የጊብሰን መቃብር ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ እስከ 1975 አልቆመም ነበር።

ከሞተ በኋላ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። በ1966 ታላቁ ነጭ መቺ ቴድ ዊሊያምስ የዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ባደረገው ንግግር፣ ዕድል ስላልተሰጣቸው ብቻ የቀሩትን ጊብሰንንና ፔጅን በስም አነሳ። ጊብሰን በ1972 ገባ። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናልስ ፓርክ ሐውልት አለው። በ2020 መጨረሻ ሜጀር ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት የጥቁሮች ሊጎች እኩል ደረጃ እንዳላቸው አመነ። ተመራማሪዎች ለዓመታት የድሮ ጋዜጣ እያገላበጡ የሰበሰቡት መረጃም በግንቦት 2024 ወደ ይፋዊው መዝገብ ገባ።

ውጤቱስ? የምንጊዜም የመምታት አማካይ የነበረው የታይ ኮብ .367 ወርዶ የጊብሰን .372 አንደኛ ሆነ። የጉልበት መለኪያው ላይ ደግሞ፣ ማለትም አንድ መቺ በአንድ ሙከራ በአማካይ ስንት ማዕዘን ይዞራል በሚለው፣ የቤብ ሩት .690 በጊብሰን .718 ተበለጠ።

ይህን አልቀበልም የሚሉ አሉ። የተመዘገበው ጨዋታ ትንሽ ነው ይላሉ፤ ትንሽ ናሙና ላይ አማካይ ከፍ ሊል ይችላል። ትክክል ነው፣ ስታቲስቲክስም ይህን ያስተምራል። ግን ጨዋታው ለምን ትንሽ ሆነ የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ቤብ ሩትም ቢሆን በሊጉ አንድም ጊዜ ከሳቸል ፔጅ እጅ የወጣ ኳስ ሳይመታ ነው 714 ያደረሰው። የሁለቱም መዝገብ ጎዶሎ ነው። የተለዩት የጊብሰን ጉድለት ስለሚታይ፣ የሩት ደግሞ ስለማይታይ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደከፈታችሁት ዝርዝር ተመለሱ። ጊብሰን አሁንም እዚያ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ዝርዝሩ ጠቅላላ ድምር ስለሆነ እንደ አገር ጠቅላላ ምርት ነው፤ የነፍስ ወከፉን አይነግራችሁም። ለእያንዳንዱ ሙከራ ሲካፈል አንደኛ የሚወጣው፣ ሚስቱን በ18 ዓመቱ የቀበረው፣ በሌሊት አውቶቡስ ተንገላትቶ በማግስቱ የሚመታው ሰው ነው። ከሱ በታች በ755 የተቀመጠው ሃንክ አሮንም እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራውን የጀመረው በዚያው በጥቁሮቹ ቤዝቦል ነበር። የተወለደበት ዓመት ብቻ ነው የለያያቸው፤ አሮን ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር።