ከጥፍር ሥር የተነሣው ነቀርሳ፤ የቦብ ማርሊ ሕይወትና ሞት

ሮበርት ኔስታ ማርሊ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 በጃማይካ ደሴት፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ሴዴላ ገና የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ስትሆን፣ አባቱ ኖርቫል ማርሊ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ነጭ ጃማይካዊ ነበር። አባትየው ከልጁ ጋር ሳይኖር በ1955 ሞተ። ልጁም ከእናቱ ጋር ወደ ኪንግስተን ገብቶ፣ ትሬንች ታውን በተባለው የድሆች ሰፈር አደገ።

ትምህርቱን አቋርጦ የተሰማራበት ሥራ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ ብየዳ ነበር። አንድ ቀን የብረት ስባሪ ተፈናጥሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ስባሪው ወጥቶለት ዳነ፤ ልቡ ግን ከብየዳው ይልቅ ወደ ዘፈኑ አደላ። የብየዳ ብርሃን ራሱ በዓይን ውስጥ ሜላኖማ የተባለውን ነቀርሳ ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ተቋም ያረጋገጠው ገና በ2017 ነው። ማርሊን የገደለው በሽታ ያው ሜላኖማ ቢሆንም፣ የመጣበት ግን በሌላ መንገድ ነው።

በ1962 የመጀመሪያ ዘፈኑን አስቀረጸ፤ በተከታዩ ዓመት ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ዌይለርስ የተባለውን ቡድን መሠረተ። በ1966 በአሜሪካ፣ ደላዌር ግዛት፣ በክራይስለር መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 21 ቀን ኪንግስተን ሲገቡ አላያቸውም፤ ያየቻቸው ባለቤቱ ሪታ ናት። ከአሥር ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያሰሙትን ንግግር ወደ ዜማ ለወጠው። በዲሴምበር 1976 መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቤቱ ገብተው ተኩሰው አቆሰሉት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከነቁስሉ መድረክ ላይ ወጣ።

በ1977 እግር ኳስ ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተጎዳ። ቁስሉ አልድን ብሎ ሲመረመር፣ ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፤ እርሱ ግን አካሉን ማጉደል ከሃይማኖቱ ጋር አልገጥምለት ስላለ እምቢ አለ። ስለዚህ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ፣ ከጭኑ የተወሰደ ቆዳ ተተከለበት።

ብዙ ሰው ነቀርሳውን ያመጣው ኳሱ ነው ይላል፤ ሌላውም ከነጭ አባቱ ወረሰው ይላል። ለሁለቱም ማስረጃ የለም። ሜላኖማ የሚነሣው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። በነጮች ፊት፣ ጆሮና አንገት ላይ የሚወጣው በአብዛኛው የፀሐይ ጨረር ውጤት ነው። በሁሩታ ማሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ገበሬ ፊቱና ማጅራቱ በጥቁረቱ ስለሚጠበቅ፣ ይህ ዓይነቱ በእርሱ ላይ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ጥቁረት የሚከላከለው ጨረርን ብቻ ነው። እነዚያው ሕዋሳት ፀሐይ በማይደርስበት በአፍንጫ ውስጥ፣ በላንቃና በድድ ስስ ሽፋን፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥርም ይገኛሉ፤ በዚያ የሚነሣው ነቀርሳ ደግሞ ጥቁር ነጭ አይለይም። በአፍሪካውያን ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚታየው በውስጥ እግር ነው።

በአፍና በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅለው ሜላኖማ ከፊት ቆዳው ጋር ጎረቤት ቢሆንም፣ በጠባዩ የሚቀርበው ለማርሊ ጣት ነው። በሕዋሱ ውስጥ የጨረር አሻራ እምብዛም አይገኝበትም፤ ኪት የተባለው ዘር መዛባትም በሁለቱ ላይ ከፀሐዩ ዓይነት ይልቅ ይዘወተራል። ከሜላኖማ ሁሉ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ክፋቱ ግን ከቆዳው ይብሳል። የፊት ላይ ጥቁር ነጥብ በመስተዋት ይታያል፤ በአፍንጫ ውስጥ ያለው ግን በአንድ ወገን በሚመላለስ ነስር ወይም በማይከፈት መታፈን እስኪገለጥ ድረስ ተደብቆ ይሰነብታል። ጉንፋን ነው እየተባለ ጊዜው ያልፋል፤ የማርሊም ጣት የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ከ2011 ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ለእነዚህ ለተደበቁት ግን የሚሰጡት ጥቅም ለፀሐዩ ከሚሰጡት ያነሰ ነው። በ1977 ደግሞ ከቢላዋ በቀር ሁነኛ መድኃኒት ስላልነበረ፣ ጣቱን ማትረፉ ውድ ዋጋ ያለው ውሳኔ ነበር።

በ1978 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከሁሩታ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በስምጥ ሸለቆ በምትገኘው ሻሸመኔ ጥቂት ቀናት ቆየ። በዚያ ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ የጥቁር ዘር ወገኖች አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር፤ እርሱ ሲደርስ ግን አብዛኛው በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ተወርሷል። ከዚያ በኋላ በኤፕሪል 1980 በዚምባብዌ የነፃነት በዓል ላይ ዘፈነ፤ በጁን ሚላኖ ላይ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተሰበሰበለት። ይህ ሁሉ ሲሆን በሽታው በዝምታ እየተዛመተ ነበር።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 1980 በኒው ዮርክ መናፈሻ ሲሮጥ ወደቀ። ነቀርሳው ወደ አንጎሉ፣ ወደ ሳንባውና ወደ ጉበቱ ተዛምቶ ተገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ በፒትስበርግ የመጨረሻ ትርዒቱን አቀረበ። በኖቬምበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በጀርመን አገር ከተለመደው ወጣ ባለ ሕክምና ወራት ቆይቶ፣ ተስፋ ሲቆረጥ ወደ ጃማይካ ለመመለስ ተነሣ፤ ከማያሚ ግን አላለፈም። ሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ሜይ 21 ቀን በኪንግስተን ጸሎተ ፍትሐቱ በአቡነ ይስሐቅ መሪነት ከተደረሰለት በኋላ፣ አስከሬኑ በተራራው መንገድ ወደ ናይን ማይል ተወስዶ ተቀበረ።