ጣይቱ ብጡልና የመቀሌው ውሃ

በዚህ እትም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጣይቱን የማያውቅ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔም አውቃቸዋለሁ እል ነበር፤ ግን ብጠየቅ የምኒልክ ሚስት ናቸው ከማለት በቀር ብዙ የምናገረው አልነበረኝም።

እቴጌ ጣይቱ የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር። እሳቸው ግን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፣ በገናም ይደረድሩ ነበር።

ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኛቸው ሠርጋቸው ነው። በ1875 ዓ.ም አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። በ1882 ዓ.ም እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ እቴጌ ተባሉ።

ከዚያ የውጫሌ ውል ጣጣ መጣ። የ17ኛው አንቀጽ የጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን በጣልያን ሥር የሚያደርግ ነበር። ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ እቴጌ ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ።

መቀሌ ላይ ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ነበር። ምሽጉን ለመስበር ሲሞከር ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ያመጡት ዘዴ ሌላ ነው፤ ጠላት የሚጠጣውን ምንጭ መያዝ! ወታደሮቻቸው ምንጩን ይዘው ጠበቁት። ምሽጉ ውስጥ ያሉት በውሃ ጥም ተጨንቀው በጥር 1888 ዓ.ም ለቀው ወጡ።

ይቺን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የሰፈራችን ቧንቧ ሲጠፋ ከምንጭ በጀሪካን ቀድተን ዳገቱን እንወጣለን። እናቴ በርሜሉን አየት አድርጋ ስንት ቀን እንደሚበቃን ታውቃለች። ውሃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይም ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያመላልሱ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እህሉን የፈጨ፣ በሶውንና ድርቆሹን ያዘጋጀ ማን ነው? ባነበብኩት ላይ የጦር አለቆቹ ስም ሞልቷል፤ የእነዚያን ሴቶች ስም ግን ፈልጌ አጣሁ።

አያቴን ስለ ዘራችን ጠየቅኳት። ወንዶቹን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ። ሴቶቹ ላይ ስትደርስ ከሁለት አላለፈችም። ራሷም ገርሟት ዝም አለች። ከነሱ ውስጥ አድዋ ውሃ የተሸከመች ብትኖር እንኳን በምን እናውቃታለን?

እቴጌ ጣይቱ ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሆቴል አቋቁመዋል። ምኒልክ ሲታመሙ አገሩን ይመሩ ነበር፤ በ1902 ዓ.ም ግን ከሥልጣን ገለል ተደረጉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም እንጦጦ ላይ አረፉ።

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ የሴት አያቶቻችሁን ስም ጠይቁና ጻፉት። እኔ ሁለቱን ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛዋን እያፈላለግኩ ነው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!