በአያታችን አንገት ላይ ያለችው ንግሥት

ዘንድሮ ከየቤታችን የድሮ ዕቃ ሰብስበን ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ በተዋስናት አንዲት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። እዚያ የሚሠሩ ወላጆቻችን ሲወጡ እግረ መንገዳቸውን እንዲያዩልን ብለን ነው። የሁሉንም ዓይን የሳበችው ከአንዲት አያታችን አንገት ላይ የተፈታች ማርትሬዛ ናት። አባቶች ገና ሲያዩዋት ጠገራ ብር ብለው አወቋት። ሴትዮዋ ማን ናት ስንል ግን የመለሰልን አልነበረም። ስለዚህ እኛው ፈለግን።

ማሪያ ቴሬዛ በ1717 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቪየና ተወለደች። አባቷ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ወንድ ወራሽ ስላልነበረው አገሩን ለእሷ ተወላት። በ1740 ሲሞት የ23 ዓመት ወጣት፣ ያውም ነፍሰ ጡር ነበረች። ጎረቤት ነገሥታት ሴት ናት ብለው ናቋት፤ የፕሩሲያው ፍሬድሪክ ሲሌዥያ የሚባለውን ሀብታም ግዛት ነጠቃት። ስምንት ዓመት ተዋጋች፣ ዙፋኗንም አልለቀቀችም። በጠቅላላው 16 ልጆች ወለደች፤ አስቡት እንግዲህ! በ1774 ደግሞ ወንዱም ሴቱም ትምህርት ቤት እንዲገባ አዋጅ አወጣች። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ ሐዘኗን አላወለቀችም። በብሩ ላይ ሻሽ የሚመስለው የመበለት መከናነቢያዋ ነው።

እስከዚህ ወደድናት። ከዚያ 1744 ላይ ደረስን። የፕራግ ይሁዲዎች ለጠላት አድረዋል የሚል ወሬ ሰምታ ከከተማው ይውጡ ብላ አዘዘች። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ብርድ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። የእንግሊዝና የሆላንድ መንግሥታት ሳይቀሩ ለመኗት። በ1748 እንዲመለሱ ስትፈቅድም ከባድ ግብር ጭናባቸው ነው። በብሩ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን የተጻፈው መፈክሯ ፍትሕና ምሕረት ማለት መሆኑን ስናውቅ እርስ በርስ ተያየን።

በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን አልሞተም። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንም ሲመታ ያው 1780 ይጻፍበት ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ነው። የአገራችን ነጋዴ ማርትሬዛ ሲቀበል ጌጧ ላይ ያሉትን ሉሎች እየቆጠረ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ ቢያስመቱም ገበያው እሷን አልተወም። ብር ሠሪውም አቅልጦ አልቦና ጉትቻ ያደርጋታል። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚፈልጉት በሕይወት ሳለች የተመታውን ነው። የእኛዋ ለክር ተበስታለችና እነሱ ዘንድ ብዙ አታወጣም።

ከመካከላችን አንዷ፣ ይህችን ሴትዮ እንዴት አንገታችን ላይ እናስራለን አለች። ክርክር ተነሳ፤ ወላጆችም ገቡበት። አያታችን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ማርትሬዛቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። ፊቷን ወደ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ራሱን ንስር ወደ ውጭ አዙረው መልሰው አንገታቸው ላይ አሰሯት።