የሙሴ ሜልየስ ቴአትር ቤት

በፓሪስ ከተማ ቡልቫር ዴዝ ኢታልየን በሚባለው ጎዳና በቁጥር 8 ላይ፣ ሮቤር ኡደን የተባለ አነስተኛ ቴአትር ቤት ነበር። ዛሬ ቤቱ የለም። ሆኖም ሲኒማ ተረትን ማሳየት ከተማረባቸው ቤቶች አንዱ እርሱ ስለ ሆነ፣ የባለቤቱን የዦርዥ ሜልየስን ታሪክ ማወቅ ይገባል።

ሜልየስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ከአንድ ባለጸጋ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ተወለደ። አባቱ የፋብሪካው ሰው እንዲሆን ቢመኙለትም፣ የልጁ ልብ ያዘነበለው ወደ ሥዕልና ወደ ምትሀት ጨዋታ ነበር። ስለዚህ በ1888 የፋብሪካ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጦ ቴአትር ቤቱን ገዛ።

በ1895 መጨረሻ የሉሚዬር ቤተ ሰብ አዲሱን ሲኒማ በፓሪስ ሲያሳይ ሜልየስም ተጋብዞ አየ። መሣሪያውን ልግዛ ቢል እንቢ አሉት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ ከሎንዶን ሌላ መሣሪያ ገዝቶ፣ በ1896 በገዛ ቴአትር ቤቱ ፊልም ማሳየት ጀመረ። በ1897ም በሞንትረይ የመስታወት ቤት አሠርቶ፣ በጠቅላላው ከ500 የሚበልጡ ፊልሞች አዘጋጀ። በ1902 የሠራው የጨረቃ ጉዞ ፊልም ዝናው በብዙ አገር ተሰማ፤ ነገር ግን በአሜሪካ ነጋዴዎች ያለ ፈቃዱ እየገለበጡ ስለ ሸጡት፣ ድካሙ የእርሱ ትርፉ የሌሎች ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዕዳና ጦርነት ተከታተሉበት። በጦርነቱ ዘመን ብዙ ፊልሞቹ ቀልጠው የጫማ ተረከዝ መሥሪያ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ የጫማ ፋብሪካን ትቶ ለወጣ ሰው ይህ መራራ ዕጣ ነበር። በ1923 ቡልቫር ኦስማን የተባለውን መንገድ ለማስቀጠል ቴአትር ቤቱ ፈረሰ። በዚያው ዓመት የሞንትረይን ቤት ሲለቅ፣ ማስቀመጫ ቢያጣ በእጁ የቀሩትን ዋና ፊልሞች ራሱ አቃጠላቸው።

ከዚህ ወዲያ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ሱቅ የልጆች መጫወቻና ከረሜላ እየሸጠ ኖረ። በኋላ ጋዜጠኞች አግኝተውት፣ በ1929 በክብሩ ትልቅ የፊልም ምሽት ተደረገለት፤ በ1931ም የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ተሸለመ። በ1938 ዓ.ም. አረፈ።

ቤቱ ፈርሶ፣ ዋና ፊልሞቹም ተቃጥለው ሳለ፣ ሥራው ፈጽሞ አልጠፋም። ልዩ ልዩ ሰዎችና ቤተ መዛግብት ባስቀመጧቸው ቅጂዎች 200 ያህሉ ተርፈዋል። በቀለም የተቀባው የጨረቃ ጉዞ ቅጂም በ1993 በስፔን አገር ተገኝቶ፣ ታድሶ በ2011 ለሕዝብ ታየ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣትም ከዚህ ይማር፤ ዛሬ አሮጌ መስሎ የሚጣለውን አንዱ ቢያስቀምጠው ነገ የብዙዎች ሀብት ይሆናል።